ስንተኛ ወጣችሁ?

እኛ አገር ልጅ ካርድ ይዞ ሲመጣ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። «ስንተኛ ወጣህ?» ምን ተማርክ፣ ምን ገባህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንደኛ የወጣ ይሳማል። ሁለተኛ የወጣ «እና አንደኛ ማን ወጣ?» ይባላል። አሥራ አንደኛ የወጣ ካርዱን ፍራሽ ሥር ይደብቃል።

ሩጫውም ያው ነው። እኛ ስንል ሦስት ሴቶች ነን፤ ጋዜጠኝነት አንድ ክፍል ተምረን በአንድ ዓመት የተመረቅን። ከሦስታችን ሁለታችን ተማሪ ሳለን ለልምምድ የተመደብንበት አንድ የስፖርት ዝግጅት ክፍል ነበር (ስሙን ተዉት)። በዓለም ሻምፒዮና ሰሞን አንዷ ልጃችን ብር አመጣች። ዜናውን በደስታ ጽፈን አቀረብን። አዘጋጁ ርዕሳችንን ሰረዘና «ወርቁ አመለጠን» ብሎ ጻፈበት። ከዓለም ሁለተኛ የወጣች ሴት በማግሥቱ አንድ ነገር እንደጣለች ሰው ሆና ተነበበች።

ይቺ ነገር ሆዳችን ውስጥ እንዳለች ነው ጃፓን የሄድነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስታችን አንዷ ቶኪዮ የትምህርት ዕድል አገኘች። የቀረነው ሁለታችን ዕቁብ ጥለን ልንጠይቃት ተነሣን። አየር መንገዳችን ከ2015 ጀምሮ ወደ ቶኪዮ መብረር ጀምሯል (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቪዛው ያስፈጀንን ወረቀት አናወራም፤ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ብቻ በ2025 መጀመሪያ፣ በጃፓኖች አዲስ ዓመት፣ በገና ዋዜማችን ሰሞን፣ ቶኪዮ ነበርን።

የጉዞ መጽሐፎች ጃፓን ለሚሄድ ሰው የሚመክሩት ይታወቃል። የቼሪ አበባ፣ የኪዮቶ ቤተ መቅደሶች፣ ፉጂ ተራራ። አንቃወምም፤ ያምራሉ። የእኛ ምክር ግን ሌላ ነው። ጉዟችሁን ዓመታዊ ስፖርት ካለበት ሳምንት ጋር አገጣጥሙት። በባቡር ውስጥ ስልኩን እንኳ የማያነሳው ያ ጨዋ ሕዝብ ሲጮህና ሲያለቅስ የምታዩት እዚያ ነው። ደግሞም አብዛኛው ርካሽ ነው፤ መንገድ ላይ የሚካሄደውማ በነፃ ነው።

ለአሥረኛነት

መጀመሪያ ያየነው ሃኮኔ ኤኪደን የሚባለውን ነው። ኤኪደን የረጅም ርቀት የቅብብል ሩጫ ነው። በየዓመቱ ጃንዋሪ 2 እና 3 ይካሄዳል። ሃያ ያህል የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው አሥር ሯጮች ይዘው፣ በመጀመሪያው ቀን ከመሀል ቶኪዮ ሃኮኔ ተራራ ላይ እስካለው አሺ ሐይቅ ይወጣሉ፤ በሁለተኛው ቀን ይመለሳሉ። ጠቅላላው ከ217 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዱ ሯጭ በአማካይ ግማሽ ማራቶን ይሮጣል ማለት ነው። አምስተኛው ሯጭ ደግሞ ተራራውን ነው የሚወጣው፤ ከባሕር ወለል አቅራቢያ ተነሥቶ ከ800 ሜትር በላይ ሽቅብ። እንጦጦን በሩጫ ለሞከረ ሰው ማብራራት አያስፈልገውም።

ቅብብሉ በዱላ አይደለም። ታሱኪ የሚሉት፣ እንደ ዝናር ከትከሻ እስከ ወገብ የሚወርድ የጨርቅ መታጠቂያ አለ። የዩኒቨርሲቲው ቀለም ነው፤ በላብ እንደራሰ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይተላለፋል። አንድ ጨካኝ ደንብም አለች። ከመሪው ጋር ያለው ልዩነት ከተወሰነ ደቂቃ ካለፈ፣ በመልሱ ጉዞ 20 ደቂቃ ነው፣ ቀጣዩ ሯጭ ጓደኛውን ሳይጠብቅ በሌላ ታሱኪ እንዲነሣ ይደረጋል። ያ የዘገየው ልጅ መቀባበያው ጋ ሲደርስ ታሱኪውን የሚቀበለው የለም። መንገድ ዳር ያለው ሰው ያን ጊዜ ነው በጣም የሚያጨበጭበው።

ውድድሩ የተጀመረው በ1920 ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ሺዞ ካናኩሪ ይባላል። ይህ ሰው በ1912 የስቶክሆልም ኦሊምፒክ ማራቶን ላይ በሙቀት ተዳክሞ ያቋረጠ፣ ለአዘጋጆቹም ሳይናገር ወደ አገሩ የገባ ሯጭ ነው። ስዊድኖች በ1967 በክብር ጋበዙትና ቀሪውን አስጨረሱት። ሰዓቱ ከ54 ዓመት በላይ ሆኖ ተመዘገበ። እንግዲህ የጃፓን ትልቁን የሩጫ በዓል ካቋቋሙት አንዱ ያቋረጠ ሰው ነው። እኛ ጋ ቢሆን ማን ያናግረው ነበር?

የመጀመሪያውን ቀን በጓደኛችን ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቆልለን በቴሌቪዥን አየን። በሁለተኛው ቀን መጨረሻው ወዳለበት ኦቴማቺ ወረድን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መንገድ ዳር ካለ ማሽን ሳንቲም ከትተን ትኩስ የቆርቆሮ ቡና አወጣንና ጣሳውን በሁለት እጃችን ይዘን ቆምን። ባዘጋጀው ጋዜጣ ስም የታተመ የወረቀት ባንዲራ በነፃ ይታደላል፤ እኛም ያዝን፤ ለማን እንደምናውለበልብ ግን አናውቅም።

አኦያማ ጋኩይን የሚባለው ዩኒቨርሲቲ በ10 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ። ተጨበጨበ። እኛም አለቀ ብለን ጓንታችንን ማጥለቅ ጀመርን። ሰው ግን ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይገፋፋ ጀመር። ምን መጣ ብለን ጓደኛችንን ስንጠይቃት «ዋናው ገና ነው» አለች። «ለአሥረኛነት ነው።»

ከአንደኛ እስከ አሥረኛ የወጡ ቡድኖች የሚቀጥለው ዓመት ቦታቸው የተጠበቀ ነው። አሥራ አንደኛው ግን በጥቅምት ወር ማጣሪያ መሮጥ አለበት። በዚያን ቀን አራት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለሦስት ቦታ፣ ተያይዘው መጡ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ 217 ኪሎ ሜትር ሮጠው፣ በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት አሥር ሰከንድ ነበር! ቴይክዮ የሚባለው አሥረኛ ሆነ። ጁንተንዶ የሚባለው በሰባት ሰከንድ ተበልጦ አሥራ አንደኛ ሆነ። እኛ ስምንተኛም ዘጠነኛም የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኸናል። በሕይወታችን ለአሥረኛነት ስንጮህ የመጀመሪያችን ነው።

እዚህ ላይ የአንድ ልጅ ነገር እናንሣ። ከሦስታችን የአንዷ ታናሽ ወንድም የ2014 ዓ.ም.ን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት አንዱ ነው። ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ የነበሩበት ያ ፈተና ነው። ከመቶ ሰው ዘጠና ስድስቱ እየወደቀ እንኳ ይህ ልጅ የወደቀው ብቻውን መሰለው። እናቱ ለጎረቤት «ውጤቱ ገና አልመጣም» ትል ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ። ልጁ በሬሜዲያል አልፎ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው። ዘመድ ቤት ሲመጣ ግን እስከ ዛሬ ከሳሎን ይወጣል።

ያንን የሰባት ሰከንድ ቪዲዮ ላክንለት። መልሱ አንድ መስመር ነበር፤ «ከዚያ በኋላስ?» ከዚያ በኋላማ ጥቅምት አለ። ጁንተንዶ ማጣሪያውን ሮጦ በ2026 ሃኮኔ ተመልሷል። ይህንንም ነገርነው። «እነርሱ ጥቅምት አላቸዋ» ብሎ ጻፈ። ለዚህ መልስ አላገኘንም።

ስምንት ለሰባት

ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ የሱሞ ትግል አለ። ትልልቆቹ ውድድሮች በዓመት ስድስት ናቸው። በጃንዋሪ፣ በሜይና በሴፕቴምበር ቶኪዮ፣ በማርች ኦሳካ፣ በጁላይ ናጎያ፣ በኖቬምበር ፉኩኦካ። እያንዳንዱ አሥራ አምስት ቀን ይቆያል። ስለዚህ በማንኛውም ጎዶሎ ወር የሄደ መንገደኛ አንዱ ጋ የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ትኬቱ ቀደም ብሎ በኢንተርኔት ይሸጣል፤ የቅዳሜና እሁዱ ቶሎ ያልቃል።

ብልሃቷን እንንገራችሁ። ቱሪስቱ ታላላቆቹን ለማየት ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት አካባቢ ይመጣል። ውድድሩ ግን ከጠዋት ጀምሮ አለ። በጠዋት አዳራሹ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ገና ደሞዝ የማይከፈላቸው ልጆች፣ አንዳንዶቹ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት የሆናቸው፣ ለባዶ ወንበር ይታገላሉ። በየወሩ ደሞዝ የሚከፈላቸው የላይኞቹ ሰባ ሰዎች ብቻ ናቸው። የቀረው በምግብና በመኝታ ተስፋ ያደርጋል። ነፃ አገልግሎት፣ «ለልምድ ይጠቅማችኋል» የተባለ ተለማማጅ ጋዜጠኛ ይህንን ያውቀዋል።

ሱሞ በኪሎ ምድብ የለውም። አንዱ የሌላውን ሁለት እጥፍ ቢመዝንም ይገናኛሉ። ጨው ይበተናል፣ ይቁነጠነጣሉ፣ ይተያያሉ፣ ይመለሳሉ፤ ትግሉ ራሱ ብዙ ጊዜ ከአሥር ሰከንድ አያልፍም። እኛን የያዘን ግን ሒሳቡ ነው። ከላይኞቹ አንዱ በአሥራ አምስቱ ቀን አሥራ አምስት ጊዜ ይታገላል። ስምንት ካሸነፈና ሰባት ከተሸነፈ «አሸናፊ» ይባላል፤ ደረጃውም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ሰባት አሸንፎ ስምንት ከተሸነፈ ይወርዳል። ዋንጫው ለአንድ ሰው ነው፤ ሌላው ሁሉ ግን ሰባት ጊዜ አፈር ልሶም ቀና ብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሰባት ለሰባት የሆነ ታጋይ አለ እንበል። አዳራሹ ያንን ያውቃል። ለዋንጫው ቅርብ ላልሆነ ሰው ስሙን እየጠሩ ይጮኻሉ። በማግሥቱ የሚገጥማት አንዲት ትግል ዓመቱን ትወስንለታለች። ከአንደኛነት በታች እንዲህ ያለ ብዙ ድል መኖሩን ማን ነግሮን ያውቃል?

አፈር የሚዘገንበት ሜዳ

በነሐሴ የሚሄድ ሰው ኮሺየን እንዳያመልጠው። ይህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቤዝቦል ውድድር ነው፤ ከ1915 ጀምሮ አለ። ኦሳካና ኮቤ መካከል፣ ኒሺኖሚያ ከተማ፣ በ1924 በተሠራው ኮሺየን ስታዲየም ይካሄዳል። ቶኪዮ ያለችው ጓደኛችን በ2024 ሄዳ ነበር፤ ቤዝቦል ምን እንደሆነ ሳታውቅ። አሁንም ደንቡ አልገባትም። ያየችውን ግን ስትነግረን ድምፅዋ ተለወጠ።

በየክልሉ ከ3,000 በላይ ትምህርት ቤቶች ተጣርተው 49 ቡድኖች ይደርሳሉ። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወጣ ነው። ሒሳቡን ሥሩት፤ 48ቱ ቡድኖች ተሸንፈው ነው የሚሄዱት። ለአብዛኞቹ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ይቺ የመጨረሻ ጨዋታቸው ናት። ሲያልቅ ሳይረን ይጮኻል። አሸናፊዎቹ የትምህርት ቤታቸውን መዝሙር ይዘምራሉ። ተሸናፊዎቹ ደግሞ ወደ ደጋፊዎቻቸው ሮጠው፣ ተሰልፈው ጎንበስ ብለው ያመሰግናሉ፤ ከዚያ ተንበርክከው የሜዳውን ጥቁር አፈር በእጃቸው እየዘገኑ በከረጢት ይጨምራሉ። እያለቀሱ ነው። ያንን አፈር ወደ ቤታቸው ይወስዱታል። ዋንጫ የሚወስደው አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ አፈሩ ግን ለሁሉም ይደርሳል።

ለተመልካች አንድ ማሳሰቢያ፤ ሙቀቱ ቀልድ አይደለም። ውኃና ባርኔጣ ያዙ።

ቅር ያለን

አሁን «ጃፓን ገነት ናት» ልንላችሁ መሰላችሁ? አይደለም። ሦስት ሴቶች ነን ብለናችኋል። ሃኮኔ ኤኪደንን የሚሮጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። በኮሺየኑ ውድድር የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ናቸው። የሱሞው መታገያ መደብ ላይ ሴት አትወጣም። በ2018 ማይዙሩ በምትባል ከተማ አንድ ከንቲባ ንግግር እያደረገ መደቡ ላይ ሲወድቅ ሊረዱት የሮጡ ሴቶች በድምፅ ማጉያ «ውረዱ» ተብለዋል። የሱሞው ማኅበር ኃላፊ በኋላ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ደንቡ ግን አለ። «ቅዱስ ስፍራ ነው» የሚለውን ምክንያት ስንሰማ ሦስታችንም ተያየን። አዲስ አልሆነብንም።

ስለዚህ ይህንንም ያዙ። ሴት ተማሪዎች የሚሮጡት ኤኪደን አለ። በጥቅምት መጨረሻ ሴንዳይ ከተማ፣ በዲሴምበር 30 ደግሞ ፉጂ ተራራ ግርጌ። የጉዞ መጽሐፎቹ ብዙ አይጽፉለትም። እኛ ጽፈናል።

ያ ሽማግሌ የነገረን

ኦቴማቺ ቆመን ሳለ አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ጓደኛችን ተረጎመች። ኢትዮጵያ ስንል ዓይናቸው በራ፤ «አበበ!» አሉ። ኮራን። እንዴት አንኮራ! ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ፣ አበበ ቢቂላ በዚህችው ከተማ ማራቶኑን በ2:12:11 በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። ሁለተኛው ገና አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር፤ አበበ ሜዳው ላይ ተንጋሎ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ይህንን በልጅነታችን ሰምተነዋል።

ሽማግሌው ግን ቀጠሉ። ሌላ ስም ጠሩ፤ ኮኪቺ ፁቡራያ። እኛ ሰምተነው አናውቅም። የአትሌቲክስ ሕዝብ ነን እያልን፣ የስፖርት ክፍል ተለማምደን፣ በዚያ ማራቶን ሦስተኛ የወጣውን ሰው ስም አልሰማንም። ከአበበ ቀጥሎ ስታዲየም የገባው እርሱ ነበር። አገሩ ሁሉ ቆሞ ይጮኻል። ከኋላው እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ መጣና በመጨረሻው ዙር አለፈው። ልዩነታቸው አራት ሰከንድ አይሞላም። ፁቡራያ ነሐስ አገኘ፤ በዚያ ኦሊምፒክ ጃፓን በአትሌቲክስ ያገኘችው ብቸኛ ሜዳሊያ ነው።

እርሱ ግን ሜዳሊያ እንዳገኘ አልቆጠረውም። በሕዝብ ፊት እንደተቀደመ ቆጠረው። በሜክሲኮ እክሳለሁ ብሎ ተነሣ፤ ጉዳት ያዘው። በጃንዋሪ 1968፣ በ27 ዓመቱ፣ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። በእነዚያው በሜክሲኮ ዓመት መሆኑ ነው፤ ማሞ ወልዴ ወርቁን ባመጣልን ዓመት።

ስለዚህ ጃፓኖች የተሸነፈን ማክበር በተፈጥሯቸው ነው ልንላችሁ አንችልም። «ስንተኛ ወጣህ?» እዚያም ሰው ገድሏል። ልዩነቱ ይህንን ሰው አለመርሳታቸው ነው። በተወለደባት ሱካጋዋ ከተማ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ በስሙ ሩጫ ይካሄዳል። ሕፃናትም አዛውንቶችም ይሮጡበታል። ኦሊምፒክ ያላሸነፈ፣ በመጨረሻው ዙር የተቀደመ ሰው መታሰቢያ ነው።

ለሚሄድ ሰው

በሩጫ ጠግበናል፣ የምናውቀውን እንይ ካላችሁ የቶኪዮ ማራቶን በማርች መጀመሪያ አለ። የኛ ልጆች ቤታቸው አድርገውታል። ብርሃኑ ለገሰ በ2019 እና በ2020፣ ሩቲ አጋ በ2019፣ ታደሰ ታከለ በ2025 አሸንፈዋል። ሱቱሜ ከበደ በ2024 በ2:15:55 አሸንፋ በ2025 ደግማዋለች። ለመሮጥ ከፈለጋችሁ ዕጣ ነው፤ ለማየት ግን መንገዱ የሁሉም ነው።

ጓደኛችን በ2025 ባንዲራ ይዛ ወጥታ ነበር። ሱቱሜና ታደሰ ሲያልፉ የቻለችውን ያህል ጮኸች። ከዚያ ወደ ቤት አልሄደችም። የተሰጠው ጊዜ ሰባት ሰዓት ነው፤ ወደ 38,000 ሰው ይሮጣል። ከሰዓት በኋላ፣ እግራቸውን እየጎተቱ የሚመጡት ሲያልፉ፣ መንገድ ዳር ያለው ሰው የቀረችውን ከረሜላ እየዘረጋ «አይዞህ» ይላል። እርሷም በአማርኛ «አይዞህ» ስትል ዋለች። «አንድ ሰው ዞር ብሎ ጎንበስ አለልኝ» አለችን። «ስንተኛ እንደሆነ እንጃ። ሠላሳ ሺህ ምናምነኛ።»

የእኛ ቀጣይ ጉዞ ሱካጋዋ ነው፤ ጥቅምት ላይ። ዕቁቡን እንደገና ጀምረናል። ያንን ከሳሎን የሚወጣውንም ልጅ አስገብተነዋል፤ የመጀመሪያውን ዕጣ ማን ያውጣ ብንለው «ለኔ መጨረሻውን አድርጉልኝ» አለ። እናደርግለታለን።